ብርድ ልብስ፣ አንሶላና ጉርድ ፎቶግራፍ

አዲስ ተማሪ በሚጠራበት ሰሞን ከዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ ማስታወቂያ ይወጣል። ከሰሜን እስከ ደቡብ ቃሉ እምብዛም አይለያይም። መጀመሪያ ቀኑን ይቆርጣል፤ ከዚያ ተማሪው ይዞ እንዲመጣ የሚፈለገውን ይዘረዝራል፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። መጨረሻ ላይ ከተባለው ቀን ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ የሚመጣ ተማሪ እንደማይስተናገድ ይነገራል። በቃ። «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚል ካለበትም ከላይ አንድ መስመር ቢሆን ነው።

ማስታወቂያውን አንብበን እንጥለዋለን እንጂ የኦሬንቴሽኑ የመጀመሪያ ምዕራፍ እሱ ነው። ልጁ ገና ከእናቱ ቤት ሳይወጣ፣ ተቋሙ በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያናግረው ይማርበታል። የሚማረውም ዝርዝርና ማስጠንቀቂያ ነው። ወደ ባሌዋ ሮቤ፣ ወደ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ ለተመደበ ልጅ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ቃል ከሌሎቹ ሁሉ በላይ እውነት አለው፤ ብርድ ልብስ የሚለው።

ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በሻሸመኔ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ ኮፈሌን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፎ ወደ ዲንሾ ሲወጣ የመስኮቱ መስታወት ይቀዘቅዛል። ዕድል የቀናው ተማሪ በጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን ቆሞ ያያል፤ አብዛኛው ግን በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነው። ከዲንሾ ወረድ ሲሉ ሜዳው ይከፈታል፤ ስንዴና ገብስ፣ በመከር ጊዜም ኮምባይነር። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ከበላያቸው የሰነቴ አምባና 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ አሉ። የጥሪው ጊዜ ከኮቪድ ወዲህ ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል። ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ከወደቀ፣ ከጋምቤላ፣ ከአፋር ወይም ከጂንካ ቆላ የመጣ ልጅ የመጀመሪያ ሌሊቱን የሚያሳልፈው አመዳይ በሚጥል ደጋ ውስጥ ነው። ቀጭን ብርድ ልብስ ይዞ የመጣ ያን ሌሊት ጃኬቱን እንደ ለበሰ ያድራል። ይህን አስቀድሞ የነገረው የለም፤ ማስታወቂያው ስለ ጉርድ ፎቶግራፉ እንጂ ስለ ብርዱ አልተጨነቀም።

መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በሮቤ ከተቋቋመበት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ሺህ ወጣቶች ባሌ ማለት ይህ የመጀመሪያ ሌሊት ሆኗል። ደብረ ማርቆስ፣ ሠመራና ጅግጅጋም በዚያው ዘመን ዩኒቨርሲቲ ያገኙ ከተሞች ናቸው፤ የሠመራው ፍሬሽ ከብርድ ይልቅ ሙቀት ይቀበለዋል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። አገሪቱ ተማሪዎቿን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ትመድባለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ለዕድል ትተወዋለች።

ለዕድል ስል ኦሬንቴሽን የለም ማለቴ አይደለም። አለ። በአዳራሽ ነው የሚሰጠው። ሬጂስትራሩ ስለ ምዝገባና ስለ ጂፒኤ ይናገራል፤ የተማሪዎች ዲን ስለ ዶርምና ስለ ካፌ፤ የዲሲፕሊን ጉዳይ ኃላፊው የሚያስቀጡና የሚያስባርሩ ጥፋቶችን አንድ በአንድ ያነባል፤ ከዚያ ቤተ መጻሕፍት፣ ክሊኒክ፣ የሥርዓተ ጾታ ቢሮ፣ የተማሪዎች ኅብረት። ሁሉም የሚለው ትክክልና የሚያስፈልግ ነው። ችግሩ ሰሚው ነው። ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ የከረመ፣ ለዶርም ቁልፍ ግማሽ ቀን የተሰለፈ ልጅ ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚነገረውን የሚይዝበት ቦታ የለውም። እኔ ራሴ ፍሬሽ ሆኜ ከተቀመጥኩበት አዳራሽ (ግቢው የት እንደሆነ ይቅር) የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማይክሮፎኑ እየጮኸ ያስቸግር ነበር። ከተባለው ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው «ይባረራል» የሚለው ግሥ ነው።

ወጪ መጋራት የሚባለውን ውል ደግሞ እዩት። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም 15 በመቶውን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ይፈርማል። በሕይወቱ የመጀመሪያው ዕዳ ነው። እንዲህ ያለውን ወረቀት ከሌሎች ቅጾች ጋር በአንድ ሰልፍ ላይ፣ በሰው እስክሪብቶ፣ ጀርባ ላይ ተደግፎ የሚፈርም ስንቱ ነው? ልጁ ምን እንደፈረመ የሚያውቀው ክሊራንስ ሲጨርስ ነው።

ታዲያ እውነተኛውን ኦሬንቴሽን ማን ይሰጣል? መልሱ መናኸሪያው ላይ ቆሟል። አዲስ ተማሪዎች በሚገቡበት ቀን በየከተማው አውቶቡስ ተራ የሚታየውን ልብ ያለ ሰው ያውቀዋል። የግቢ ጉባኤው ልጆች አሉ፤ የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ አለ፤ የፌሎውሺፑ ልጆች አሉ፤ «ከየት ነህ? ከእኛ አገር ነህ እንዴ?» የሚሉ የአንድ አካባቢ ልጆችም አሉ። ሻንጣ ይሸከማሉ፣ ባጃጅ ይጠራሉ፣ ሰልፍ ይይዛሉ፣ የመጀመሪያ ቀን እራት ይጋብዛሉ። ዩኒቨርሲቲው በአዳራሽ የሚለውን ማንም አያስታውስም፤ ሻንጣውን የተሸከመለትን ሰው ግን ተመርቆ ከወጣ በኋላም አይረሳም።

ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። እነዚህ ማኅበራት ባይኖሩ ብዙ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ቤቱ በተመለሰ ነበር። ግን አንድ ነገር መታዘብ አለብን። ተቋሙ ሕግ ሰጪ ሆኖ፣ ፍቅር የመስጠቱን ሥራ ለሃይማኖትና ለአካባቢ ማኅበራት ከተወ፣ ተማሪው የዩኒቨርሲቲው ልጅ ሳይሆን የማኅበሩ ልጅ ሆኖ ይጀምራል። የሮቤዋ ልጅ ከጎንደሩ ልጅ፣ የወላይታው ከሱማሌው ጋር የሚገናኘው ዶርም ሲደለደልና ካፌ ሲሰለፍ ብቻ ይሆናል። የማን ልጅ መሆኑን ከዩኒቨርሲቲው ሳይሰማ የሰነበተ ወጣት፣ በግቢው ውስጥ ግጭት በተነሣ ቀን ወደ ማን እንደሚሮጥ ግልጽ ነው።

ይህን ደግሞ አይተነዋል። በ2012 ዓ.ም. ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት እነሱም ወላጆቻቸውም የሰላምና የሥነ ምግባር ውል እንዲፈርሙ ተደረገ። ውሉ ተፈረመ። ግን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በተለያዩ ግቢዎች ሁከት ተነሣ፤ ተማሪዎች ተገደሉ፤ ብዙዎች ትምህርታቸውን ጥለው ቤታቸው ገቡ። ፊርማ ልጅን ከልጅ አያስተዋውቅም። በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በ1970 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ቀን ገጥሞት ነበር፤ በቬትናም ጦርነት የተቆጡ ተማሪዎች የአስተዳደሩን ሕንፃ ሰብረው ገቡ። ፕሬዚዳንቱ ቶማስ ጆንስ ሁከቱ ካለፈ በኋላ የጠየቁት ጥያቄ ውል ከማስፈረም የራቀ ነበር፤ ተማሪ ዩኒቨርሲቲውን እንዴት ይወደው ዘንድ ማድረግ ይቻላል? ብለው ነው የጠየቁት። በ1972 እ.ኤ.አ. «ዩኒቨርሲቲ 101» የሚባል ኮርስ ተከፈተ፤ ፍሬሽ ተማሪዎች በትንንሽ ክፍል ሆነው ከአንድ መምህር ጋር ሙሉ ሴሚስተር የሚቆዩበት። ያ ኮርስ ለብዙ አገር ምሳሌ ሆነ። ልብ በሉ፤ ሥራው የአንድ ቀን ሳይሆን የሴሚስተር ነው።

እኛም አገር ቢሆን የተሻለ ያሰበ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቃል ኪዳን ቤተሰብ በሚለው ፕሮጀክት አዲስ ተማሪዎችን ከከተማው ቤተሰቦች ጋር አገናኘ፤ ከሩቅ የመጣ ልጅ ጎንደር ውስጥ በበዓል የሚሄድበት ቤት፣ ሲታመም የሚጠይቀው እናትና አባት እንዲኖረው። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ማስታወቂያው ከሚያናግርበት ድምፅ ጋር አነጻጽሩት፤ አንዱ «ካልመጣህ አናስተናግድም» ይላል፣ ሌላው «ልጄ» ይላል።

ሮቤና ጎባ ለዚህ እንግዳ አይደሉም። ከዩኒቨርሲቲው በፊት በተማሪ ዘመቻ ታሪክ ውስጥ ከተሞች ተቀባይ ነበሩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪዎችን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየላከ እንዲያስተምሩ ያደርግ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተማሪ በገጠር ከተሞች ላይ በተነ። ያኔ ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት እንደ ጎባ ባለች የጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ከጎረቤት ቡና ጠጥቶ ነው አገሩን የተማረው። ዛሬ ተማሪው የሚመጣው ወደ ከተማ ሳይሆን ወደ አጥር ውስጥ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከግቢው በር እስከ መናኸሪያ ያለውን መንገድ ብቻ አውቆ የሚሄድ እንዳለ እጠረጥራለሁ። ከሮቤ እስከ ዲንሾ የሚወስደው ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ እዚያ ያለው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስንት ፍሬሽ ነው ቀይ ቀበሮን በአካል አይቶ የተመረቀው? ከተማዋ «ባጋ ነጋን ዱፍተን» ብላ ትቀበላለች፤ ያን ሰላምታ በሦስተኛው ቀን ከባጃጅ ሹፌር ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ከተቋሙ አፍ መስማት ሌላ ነገር ነው። አፋን ኦሮሞ ለማያውቅ ልጅ ሃያ ቃል ማስተማር፣ ገበያውን አብሮ መዞር፣ ከአዳራሹ ገለጻ ይልቅ ኦሬንቴሽን ሊባል የሚገባው ነው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወጣቱ ዩኒቨርሲቲን መጀመሪያ የሚያየው ፍሬሽ ሆኖ አይደለም። በዚያ ዓመት መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው፣ በዶርም አድረው፣ በካፌ በልተው ተፈተኑ። ስልክ አይገባም፤ ሁሉም ይፈተሻል። ኩረጃን ለማቆም አስፈላጊ እርምጃ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ይህ ትውልድ የግቢውን በር ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈው እጁን ዘርግቶ እየተፈተሸ መሆኑን አንርሳ። ውጤቱ ሲወጣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ባለው 5.4 በመቶ።

ለኦሬንቴሽን ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛው ደስ የማይል ደስታ ነው፤ መደበኛ ፍሬሾች ጥቂት ሆነዋል። 29,909 ተማሪ ከ40 በላይ ለሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እኩል ቢካፈል ለአንዱ ከ750 በታች ይደርሰዋል። ሺህዎችን በአዳራሽ ለማስተናገድ የተሠራው ገለጻ ለዚህ ቁጥር አያስፈልግም። በሃያ በሃያ ተከፋፍለው ከአንድ መምህርና ከአንድ ሲኒየር ጋር ቢቀመጡ ለአንድ ግቢ አርባ የማይሞላ ቡድን ነው።

ሁለተኛው የሪሚዲያል ተማሪዎች ጉዳይ ነው። ማለፊያውን ያላገኙ ከ100 ሺህ በላይ ወጣቶች በ2015 ዓ.ም. የማካካሻ ትምህርት እንዲወስዱ ተጠሩ፤ መርሐ ግብሩም ከዚያ በኋላ ቀጠለ። የሪሚዲያል ተማሪ ሁኔታ ልዩ ነው። ዶርም አለው፣ ካርድ አለው፣ ከሌላው ጋር ካፌ ይሰለፋል፤ ግን ገና የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አይደለም። ከጥቂት ወራት በኋላ ይፈተናል፤ ካለፈ ይቀጥላል፣ ካልሆነ ፍራሹን ጠቅልሎ ይመለሳል። እሱን እንዴት ነው እንኳን ደህና መጣህ የሚሉት? «ቤትህ ነው» ቢሉት ውሸት ሊሆን ይችላል። «ገና ነህ» ቢሉት ደግሞ መጽሐፍ የሚገልጥበት ልብ ያሳጡታል። የሪሚዲያል ተማሪዎች ራሳቸው ራሳቸውን የሚጠሩበትን ቃል ስሙ፤ ብዙ ጊዜ ቀልድ ነው፣ ቀልዱ ግን መራራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ማንሳት ተገቢ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ግሬግ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ነው። በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለፍሬሽ ተማሪዎች የሲኒየሮችን ምስክርነት አስነበቡ፤ ሲኒየሮቹ መጀመሪያ ላይ እንግድነት ተሰምቷቸው እንደነበር፣ ስሜቱ የሁሉም እንደሆነና በጊዜ እንደሚያልፍ ይናገራሉ። ከዚያ ፍሬሾቹ የራሳቸውን ልምድ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች እንዲጽፉ ተጠየቁ። አንድ ሰዓት ያህል ነው። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ከነጮቹ ጋር የነበራቸው የውጤት ልዩነት በግማሽ ጠበበ። ይህ አስማት አይደለም። እንግድነቱ የእሱ ድክመት አለመሆኑ የተነገረው ልጅ መጀመሪያ ፈተና ላይ ሲወድቅ ወደ መምህሩ ይሄዳል፤ ያልተነገረው ወደ ዶርሙ ገብቶ ብርድ ልብሱን ይከናነባል።

አሁን ደግሞ የእኛን ሲኒየሮች የመጀመሪያ ሌሊት ወሬ አስቡ። «ይሄ ግቢ ፍሬሽ አይምርም»፣ «ማትስ ላይ ግማሹ ነው የሚወድቀው»፣ «እንግሊዝኛ ነው እንጂ ሌላ አይሰማም»፤ የፈራውን ልጅ ማስፈራራት የዶርም ጨዋታ ነው። ክፋት የለበትም፤ እነሱም እንዲሁ ተነግሯቸው ነው የመጡት። ግን በተመራማሪዎቹ ሙከራ የተነገረው ቃል ተገላቢጦሽ ነው። ዩኒቨርሲቲው ኦሬንቴሽኑን ለሲኒየሮች ባይሰጥም ሲኒየሮች ወስደውታል፤ ልዩነቱ አሰልጥኖ መስጠቱና አለመስጠቱ ነው።

ጉዳቱ ደግሞ ቶሎ ነው የሚታየው። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመለስና የመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ አራት ዓመት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓመት ከመለማመጃ በላይ ሆነ። ሎጂክ፣ ሥነ ልቦና፣ ሒሳብ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ እያሉ የሚወስዱት ሁሉ ለትምህርት ክፍል ምርጫ ይቆጠራል። መዳ ወላቡ ላይ ይህ ምርጫ በጂኦግራፊ ይታያል። ሮቤ ያለው የተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሽ ሁሉ በልቡ የሚያየው የጎባን መንገድ ነው፤ የሕክምናና የጤና ትምህርት ያለው እዚያ፣ በሪፈራል ሆስፒታሉ ዘንድ ነው። ቸካዩ ከመጀመሪያው ሳምንት ላይብረሪ ቦታ ይይዛል። ሞጁሉ የት እንደሚታተም፣ ውጤት ላይ ቅሬታ የት እንደሚቀርብ፣ ኮርስ እንዴት እንደሚጣል የማያውቀው ልጅ ግን እስኪለምድ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በስድስት ሳምንት አንድ ሚድ ያልፋል። የጎባ መንገድ የሚዘጋው በአቅም ማነስ ሳይሆን በዚያ ሚድ ሊሆን ይችላል፤ ሴት ልጅ ስትሆን፣ ከገጠር ትምህርት ቤት ስትመጣ፣ ጥያቄ ለመጠየቅ የምታፍር ከሆነች ደግሞ ይበልጥ።

የዩኒቨርሲቲው ስም የተወሰደበት መዳ ወላቡ በደቡብ ባሌ ያለ፣ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ከጥንታዊ የገዳ ጉባኤ ቦታዎች ጋር የሚነሣ ስፍራ ነው። ገዳ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሥርዓቱ ስለ ሥልጣን ብቻ አይደለም፤ ሰው ከአንድ የዕድሜ ደረጃ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበትንም ያደራጃል። ወጣቱ ብቻውን አይሸጋገርም፤ ከእኩዮቹ ጋር፣ በታላላቆቹ ፊት፣ በተወሰነ ጊዜ ነው። ፈረንሳዊው አርኖልድ ቫን ዤኔፕ በ1909 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉትን ሥርዓቶች ሲያጠና ሦስት ደረጃ አየ፦ መለየት፣ መሸጋገር፣ መቀላቀል። ቪንሰንት ቲንቶ ደግሞ ተማሪ ለምን ከኮሌጅ እንደሚወጣ ሲጠይቅ ይህንኑ ሐሳብ ተበደረ፤ ብዙዎቹ የሚወጡት ከቤታቸው ተለይተው ከግቢው ሳይቀላቀሉ በመሐል ስለሚቀሩ ነው አለ። የእኛ ኦሬንቴሽን መለየቱን ጥሩ አድርጎ ይሠራዋል፤ በማስታወቂያ፣ በፍተሻ፣ በሰልፍ። መቀላቀሉን ማን እንደሚሠራው አይናገርም። እንዲህ ያለ ስም የያዘ ግቢ ይህን ከሌሎች ለመዋስ መሄድ አያስፈልገውም ነበር።

ለዩኒቨርሲቲዎቹ ፍትሐዊ ልሁን። በጀታቸው ጠባብ ነው፤ የጥሪው ቀን ከላይ ይመጣል፤ ፕሮክተሩ አንድ ሕንፃ ሙሉ ይዟል። ግን ከላይ ያነሣሁት አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም። መናኸሪያው ላይ የዩኒቨርሲቲውን አርማ የለበሱ ሲኒየሮች ማቆም፣ የአዳራሹን ገለጻ አንድ ሰዓት አድርጎ ቀሪውን በአምስት ሳምንት መበተን፣ የወጪ መጋራቱን ወረቀት ለብቻው ቀን ሰጥቶ ማስረዳት፣ ለሪሚዲያሉም ቢሆን አንድ የሚጠራበት ስምና አንድ የሚጠይቀው ሲኒየር መስጠት። ማስታወቂያው ላይም አንድ መስመር መጨመር ይቻላል፤ ሌሊቱ እንደሚበርድ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ቢይዙ እንደሚሻል የሚነግር። እናት ስታነበው ልጇ የሚሄደው ሰው ወዳለበት ቦታ መሆኑን ትረዳለች።

ያ መስመር እስኪጻፍ ድረስ፣ በጥሪው ሳምንት ሐሙስ የሮቤ ገበያ ላይ ከልባሽ ክምር ፊት ቆመው ጃኬት የሚለኩ ልጆች ይታያሉ። በአንድ እጃቸው የዶርም ቁልፍ ይዘዋል፤ ነጋዴዋ በአፋን ኦሮሞ ዋጋ ትጠራለች፣ እነሱ በጣታቸው ይመልሳሉ፤ አጠገባቸው ቀድሞ የገዛ አንድ ሲኒየር ካለ እሱ ይከራከርላቸዋል።